የተቆለፈው ቡፌ

የሕፃናት ሐኪሙም፣ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባም፣ ቲክቶክ ላይ የምትመክረው እናትም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፦ ልጅ ያለበት ቤት መክሰስ አይቀመጥም። «ካላየው አይጠይቅም፤ ካልገዛችሁት አይበላም።» ምክሩ አጭር ነው፣ ለመያዝም ይቀላል። ተቃዋሚ የለውም፤ ለብስኩት ጠበቃ ሆኖ የሚቆም ማን አለ? አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የተማረና ትንሽ ገቢ ያለው ቤተሰብ ዘንድ ነገሩ የጥሩ ወላጅነት ምልክት ሆኗል። ቀድሞ እንግዳ ሲመጣ «ልጆቻችን ምንም አይጎድልባቸውም» ይባል ነበር። ዛሬ «እኛ ቤት ብስኩት የሚባል አይገባም» ይባላል። የኩራቱ ድምፅ ግን ያው ነው።

ይህ ምክር ከሥሩ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ያለበት ቤት መክሰስ ሊኖረው ይገባል። መክሰሱም ልጁ በሚያውቀው ቦታ፣ በሚያውቀው ሰዓት፣ ያለ ቁልፍና ያለ ልመና መገኘት አለበት። ቤቱን ባዶ ያደረገ ወላጅ ልጁን ከመጥፎ ምግብ አልጠበቀውም። ምርጫውን ለሰፈሩ ሱቅ አሳልፎ ሰጠ እንጂ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቶ ሰርቪስ ይጠብቃል። ምሳውን 6 ሰዓት ገደማ ይበላል። ይበላል ስንል ደግሞ ግማሹ ቀዝቅዞ ወደ ቤት የሚመለስበት ቀን ስንት እንደሆነ ምሳ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ያውቃል። ትምህርቱ ያልቃል፣ ሰርቪሱ አሥራ ምናምን ልጅ በየበሩ ሲያራግፍ ይቆያል፣ መንገዱ ይዘጋጋል፣ ልጁ 10 ሰዓት ተኩል ወይም 11 ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል። እራት እናትና አባት ከሥራ ገብተው፣ ልብስ ቀይረው፣ ወጥ ተሙቆ ነው የሚቀርበው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ብርቅ ነው። እንግዲህ ከምሳ እስከ እራት ስምንት ሰዓት። በዚያ ላይ የቤት ሥራ አለ፣ ኳስ አለ፣ ከታናሽ ጋር መጣላት አለ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይዝም። የሚያስፈልገው ጉልበት ግን ከክብደቱ ጋር ሲሰላ ከእኛ ከትልልቆቹ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ ሕፃናት በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ እንደ አስፈላጊነቱም 1 ወይም 2 ጊዜ ገንቢ መክሰስ ይሰጣቸው የሚለው ለማባበል ብሎ አይደለም። ልጁ ሲያድግ ክፍተቱን የመሻገር አቅሙ ይጨምራል እንጂ ክፍተቱ አይጠፋም። ደግሞስ ይህን ምክር የሚሰጠው ሰው ራሱ 10 ሰዓት ሲሆን ከቢሮው ወርዶ ማኪያቶውን አዝዞ፣ ስኳሩን ሁለቴ ጨምሮ፣ ከጎኑ ቦንቦሊኖ አስቀምጦ አይደለም እንዴ የሚያወጋው? ለእሱ ሲሆን «ትንሽ ነገር ልቅመስ» ነው። ለልጁ ሲሆን መጥፎ ልማድ።

ምክሩ ከየት እንደመጣ መመልከት ጥሩ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቹን የጠየቀ ሰው የምግብ ማስቀመጫ ክፍላቸውን አይቷል፦ ቺፕሱ በካርቶን፣ ኩኪሱ በካርቶን፣ ለስላሳው በካርቶን። ልጆቹ ትራስ ላይ ተጋድመው ከረጢቱን እስከ ታቹ ይጨርሱታል። እዚያ ቤት «እባካችሁ ይህን ነገር አታስገቡ» የሚል ሐኪም ልክ ነው። ያው ቃል በቪዲዮ ተጭኖ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ግን የሚያገኘው ሌላ ቤት ነው። በእኛ አገር በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። መንግሥት ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ መቀንጨርን ለማጥፋት የተነሣውም በዚሁ ችግር ምክንያት ነው። የከተማው ልጅ ሆዱ ሞልቶ፣ ለስላሳ ጠጥቶ፣ ወፍሮም በውስጡ ግን የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ሊያድግ ይችላል። ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ተጨማሪ የምግብ ዕድል ነው። ያንን ዕድል ከቤት አውጥቶ መጣል እንዴት ጤና ይባላል?

አሁን ወደ ቡፌው ልምጣ።

«ቤታችን መክሰስ የለም» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። አለ፤ ተቆልፎ ነው ያለው። ሳሎን ውስጥ መስታወት ያለው ቡፌ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የእንግዳ ሲኒ፣ የሠርግ ብርጭቆ፣ የምረቃ ፎቶ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ደግሞ ዘመድ ልጅ ልጠይቅ ብሎ ያመጣው ብስኩት። ቁልፉ እናት ቦርሳ ውስጥ ነው። ልጁ በየቀኑ ብስኩቱን ያየዋል። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ለእንግዳው በሰሃን ይቀርባል፣ ልጁም ዓይኑን ተክሎ ቆሞ አንድ ይደርሰዋል፤ «በቃ፣ ሂድ ተጫወት» ይባላል። ይህ ልጅ ምን ተማረ? ብስኩት የክብር ምግብ እንደሆነ፣ ቆሎ ግን ማንም የሚዘግነው ተራ ነገር እንደሆነ። ማስታወቂያ ሠሪ ከፍሎ ሊያገኘው የማይችለውን ትምህርት እናትየው በነፃ ሰጠችው።

ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከዚህ ቡፌ ጋር የሚመሳሰል ነገር ሠርተዋል። መዋዕለ ሕፃናት ላሉ ልጆች ጣዕማቸው የሚቀራረብ ሁለት ዓይነት የፍራፍሬ ብስኩት አቀረቡ። አንዱ እንደ ልብ የሚበላ ሆነ። ሌላውን ውስጡን በሚያሳይ ዕቃ ዘግተው ጠረጴዛው መካከል አስቀመጡት፤ የሚከፈተው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ልጆቹ ስለ ተዘጋው ብስኩት ያወሩ፣ ይጠይቁ፣ ሊደርሱበት ይሞክሩ ጀመር፤ ሲከፈት ደግሞ እሱን መረጡ። ብስኩቱ ከጓደኛው የሚለየው በመዘጋቱ ብቻ ነበር። እርግጥ እገዳው ሲነሣ ስስቱ እንደቀጠለ ያው ጥናት አላሳየም፤ ይህን ደብቆ መከራከር አያስፈልገኝም። ነገር ግን የቤታችን ቡፌ እገዳው መቼ ይነሣል? ልጁ እስኪዳር ድረስ ተቆልፎ ነው የሚቆየው።

በርችና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ሌላ ውጤት አሳተሙ። ሴት ልጆችን ከ5 ዓመታቸው እስከ 9 ዓመታቸው ተከታተሉ። እናቶቻቸው በ5 ዓመታቸው ምግብ አጥብቀው የከለከሏቸው ልጆች 9 ዓመት ሲሞላቸው፣ ምሳ በልተው ጠግበው ሳለ መክሰስ ሲቀርብላቸው ከሌሎቹ አብልጠው በሉ። «ምናልባት እናቶቹ የከለከሉት ልጆቹ ቀድሞም ሆዳም ስለነበሩ ይሆናል» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ክትትል ምክንያትና ውጤትን ጨርሶ አይለይም። ቢሆንም ክልከላው የታሰበለትን ሥራ አልሠራም። ሆዳም ነው ተብሎ የተከለከለው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላም ሆዳም ከሆነ፣ መድኃኒቱ ምን ፈወሰ?

የሌላው ወገን ጠንካራ ክርክር ይህ ነው፦ ልጅ ቤት ያለውን ይበላል። ቺፕስ ካለ ቺፕስ ይበላል። ይህ እውነት ነው፤ ጥናቶችም፣ የማንም ቤት ልምድም ይመሰክራሉ። እኔም ይህን እውነት ይዤ ነው የምከራከራቸው። ልጅ ያለውን የሚበላ ከሆነ፣ የተቀቀለ እንቁላል ካለ እንቁላል ይበላል። ሙዝ ካለ ሙዝ ይበላል። ሽምብራ ቆሎ በሰሃን ከተቀመጠ እየዘገነ ቴሌቪዥኑን ያያል። ታዲያ ከዚህ ሕግ «ቤቱን ባዶ አድርጉ» የሚል መደምደሚያ እንዴት ወጣ? ከዚህ ሕግ የሚወጣው «ቤቱን በምን እንደምትሞሉ አስቡ» የሚል ነው። ባዶ መደርደሪያ ላይ ልጅ የሚማረው ምርጫ የለም።

ባዶ መደርደሪያ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ከበሩ ውጭ ሱቅ አለ። የአዲስ አበባ ሰፈር ሱቅ ከየትኛውም ግቢ በእግር ሁለት ደቂቃ አይርቅም። መስኮቱ ላይ በልጅ ዓይን ትክክል የተሰቀለው ነገር ሁሉ ለልጅ የተሰቀለ ነው፦ ከረሜላው፣ ማስቲካው፣ በትናንሽ ላስቲክ የታሸገው ቺፕስ፣ ቀይና ብርቱካንማ ቀለም የተነከረው ጭማቂ። ልጁ ርቦት ቤት ገባ፤ ምንም የለም። እናት ሥራ ላይ ናት፤ ደወለላት። «ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም አለ፣ አንድ ነገር ግዛና ብላ» አለችው። እንዲህ ነው «ብስኩት አይገባም» ያለችው እናት በየቀኑ ብስኩት የምትገዛው፤ በነጠላ ዋጋ፣ ሳታየው፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን ሳታነብ። ሌላው ደግሞ ሳንቲም የሌለው ልጅ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁ ልጁን በስሙ ያውቀዋል፣ ወር ሲሞላ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ከእኔ ጋር የሚከራከሩ ሁሉ ሱቁን ካልቆጠሩ ስለ ቤቱ የሚናገሩት ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ የአንዲት የድሮ ዘመን ሐኪም ሥራ ይረዳኛል። ክላራ ዴቪስ በ1920ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከጡት ገና የተላቀቁ 15 ሕፃናትን ወስዳ ከ30 በላይ ዓይነት ምግብ በየሳህኑ እየደረደረች ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገች። ሞግዚቶቹ ምንም እንዳይጠቁሙ ታዘዙ። ልጆቹ በየቀኑ ሲታዩ የሚበሉት እንግዳ ነበር፤ አንዱ ቀን እንቁላል አብዝተው፣ ሌላው ቀን ሙዝ በሙዝ። በጊዜ ብዛት ሲታዩ ግን ጤነኛ ሆነው አደጉ። ሪኬትስ የተባለው የአጥንት በሽታ ይዞት የመጣ አንድ ሕፃን የዓሣ ጉበት ዘይት በፈቃዱ እየጠጣ እስኪድን ቆየ። ይህን ሰምተው «ልጅን ተዉት፣ ሰውነቱ ያውቃል» ያሉ ብዙ ናቸው። ዴቪስ ራሷ ግን ዘዴው የምግቡ ዝርዝር ውስጥ መሆኑን በ1939 እ.ኤ.አ. በግልጽ ተናግራለች። ሳህኖቹ ላይ ስኳር አልነበረም፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ ምንም አልነበረም። ትልቁ ሰው ዝርዝሩን መረጠ፣ ልጁ ከዝርዝሩ መረጠ። ዊስኮንሲን ትሠራ የነበረችው የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ሐሳብ የሥራ ክፍፍል አድርጋ አስቀመጠችው፦ ምን፣ መቼና የት የሚለው የወላጅ፤ መብላት አለመብላትና ምን ያህል የሚለው የልጁ። የእኛ ቤት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ምኑን ለባለሱቁ ሰጥተን፣ ምን ያህሉን ለራሳችን ወስደን፣ እራት ላይ «ይህችን ጉርሻ ብቻ፣ ለእኔ ስትል» እያልን ልጁን እናስጨንቃለን።

የጥርስ ሐኪሞች ክርክር ከሌሎቹ ሁሉ ይከብደኛል። እነሱ የሚሉት ጣፋጭ መብላት ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ መቃመስ ጥርስ ይጎዳል ነው፤ ልክ ናቸው። በስዊድን ሉንድ ከተማ አጠገብ ቪፔሆልም በሚባል ተቋም በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት ያረጋገጠው ይህንን ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ያለ ፈቃዳቸው የተሠራ ስለሆነ ዛሬም የሚያሳፍር ጥናት ነው፤ ውጤቱ ግን ቀረ። ስኳር ከምግብ ጋር ሲበላ የጥርስ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ በምግብ መካከል ደጋግሞ ሲበላ ግን ጥርሱ ክፉኛ ተበላሸ። ስዊድኖች ከዚህ በኋላ ከረሜላን አልከለከሉም፤ ቀን ቀጠሩለት። ቅዳሜ። ልጅ ቅዳሜ ከረሜላውን ይመርጣል፣ ይበላል፣ ጥርሱን ይቦርሻል። ስቶክሆልም የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ሳይቀሩ ይህን ልማድ ያውቁታል። ስዊድን ዛሬም ከረሜላ አብዝተው ከሚበሉ አገሮች አንዷ ስለሆነች ቅዳሜው ተአምር አልሠራም። ጥናቱ ግን ሰዓት ያለው ጣፋጭና ሰዓት የሌለው ጣፋጭ አንድ እንዳልሆኑ አሳይቷል። ለጥርስ ሐኪሞቹ መልሴም ይኸው ነው፦ መክሰሱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ተቀምጦ፣ አንዴ። ከዚያ በኋላ ውሃ። ባዶ ቤት መቃመስን አይከለክልም፤ ቀኑን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ማስቲካና ከረሜላ ይዞ የሚውለው ልጅ ቤቱ ምንም የማያገኘው ልጅ ነው።

በአንድ ነገር ከክልከላው ወገን ጋር እቆማለሁ፤ ለስላሳ። ኮላ በተለመደው ቀመሩ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10.6 ግራም ገደማ ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የተለመደችው ጠርሙስ እንግዲህ ከ30 ግራም በላይ ትይዛለች። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ስኳር፣ ጣፋጭና ለስላሳ በቀን ከ30 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አንዲት ጠርሙስ የቀኑን ጨርሳ ትሻገረዋለች፤ ልጁ ደግሞ ምንም እንደበላ አይሰማውም፣ እራቱን ግን አይበላም። ብስኩት ቢያንስ ይታኘካል፣ ሆድ ይይዛል። ለስላሳ ለሠርግና ለልደት ይሁን፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቋሚ ቦታ አይሰጠው። የፍራፍሬ ሥዕል የተሳለበት የካርቶን ጁስም አብዛኛው ያው ነው፤ የታመመ ሰው ሲጠየቅ ይዞ የመሄዱ ወግ ለምን እንደጸና ይገርመኛል።

ስለ ስኳር ካነሣን ዘንድ፣ «ቤታችን ስኳር አይገባም» የሚሉ ሰዎች ፈጽሞ የማያስቧቸው ልጆች አሉ። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ስኳሩ ሲወርድበት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይደናገጣል። በዚያ ደቂቃ ፈጣን ስኳር፣ ወደ 15 ግራም ገደማ፣ አፉ ውስጥ መግባት አለበት። ለእሱ የተቆለፈ ቡፌ አደጋ ነው። የእኅቱም የጎረቤቱም ልጅ ዕቃው የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ከዚህ ሁኔታ የሚገኘው ትምህርት ለሌላው ቤትም ይሠራል፤ ምግብ ሥነ ምግባር አይደለም፣ ስኳር የበላ ልጅም ጥፋተኛ አይደለም። ሕመምተኛው ልጅ ከረሜላውን በግልጽ ሲበላ ጤነኛው ተደብቆ ከበላ፣ ያሳፈርነው ምግቡ ሳይሆን ልጁ ነው።

እንግዲህ ምን ይቀመጥ? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ የሚቀርበው ቁርስ ራሱ በቂ ትምህርት ነው፤ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ። ትልልቆቹ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ከአንድ ሰሃን እየዘገኑ፣ ጊዜው ሲያልፍ የሚነሣ መክሰስ ነው። ማንም «ቡና የሚፈላበት ቤት ቆሎ አይቀመጥ» ብሎ አያውቅም። ለልጅ ሲሆን ዝርዝሩ ይሰፋል፦ ስኳር ድንች፣ የተቀቀለ ድንች፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ በሶ በውሃም በማርም፣ አምባሻ፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ አቮካዶ የተቀባ ዳቦ፣ በወራቱ ዘይቱንና ማንጎ። አርሲ ያደገ ሰው ጭኮን ይጨምርበታል፤ ቅቤው የገባበት ጭኮ ትንሽ ተበልቶ ረጅም መንገድ ያስኬዳል። የሽምብራ ደረቅ ፍሬ ከ100 ግራሙ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው፤ ይህን የሚያህል ብስኩት አላውቅም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ፤ ስለማይነገሩ እናገራለሁ። ቆሎ፣ ለውዝና ሽምብራ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ያንቃል፣ በተለይ ልጁ እየሮጠ ወይም እየሳቀ ከሆነ። ለእሱ በሶ፣ ሙዝ፣ ድንች አለ። ለውዝ ደግሞ የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የመረረ ከሆነ ታጥቦ አይድንም፤ ይጣላል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

በጾም ወራት ነገሩ ይቀላል ወይም ይከብዳል፣ እንደ ቤቱ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው የኦርቶዶክስ ልጅ ረቡዕና ዓርብን መጾም ሲጀምር፣ እናት «ምን ልስጠው?» ብላ ሱቅ ሄዳ «የጾም» የሚል የተጻፈበት ብስኩት ትገዛለች። ቤቷ ቆሎ እያለ፣ ስኳር ድንች እያለ! ጽሑፉ ወተት የለውም አለ እንጂ ስኳርና የረጋ ዘይት የለውም አላለም። በረመዳን ወር የሙስሊም ቤት ልጆች ፊት የሚቀመጠው ተምር ከዚያ ብስኩት ስንት እጅ ይሻላል።

የሱቅ ጣፋጭስ ጨርሶ ይቅር? አይቅር። ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ ቺፕስ በዓለም ላይ አሉ፤ ልጁ በጓደኛው ልደት ላይም በሰርቪሱ ውስጥም ያገኛቸዋል። ጥቂት ቤት ውስጥ ይኑር፣ ከቆሎው ጋር እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ያለ ክብር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይቀመጥ፤ ልጁ ሁለት ይብላ፣ ሦስት ይብላ፣ ማንም አይቁጠርበት። ጎበዝ ስለሆነ አይሰጠው፤ ስላጠፋም አይከልከል። «ሽሮህን ከጨረስክ ብስኩት አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየቤቱ ያደረሰውን ጉዳት የትኛውም ባለሱቅ አላደረሰውም። ሽሮ ቅጣት ሆነ፣ ብስኩት ሽልማት። ዘመድ ብስኩት ይዞ ሲመጣም ፓኬቱ እዚያው ይከፈት፣ አምጪውም ይብላ፣ ልጆቹም ይብሉ፣ ያልቅ። «እንግዳ ፊት አይከፈትም» የሚለው ወግ ለሌላ ስጦታ ይቆይ።

«ጊዜ የለንም» ይሉኛል። ብስኩት የሚገዛው መቀቀል ስለማይፈልግ ነው፤ እውነት ነው። ግን እሑድ የተቆላ ቆሎ ሳምንቱን ይዘልቃል፤ ንፍሮ አንዴ ሲቀቀል ለሁለት ቀን ይሆናል፤ ሙዝ ምንም አይፈልግም። «ውድ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ ወር ሙሉ በነጠላ የተገዛውን ቺፕስና ማስቲካ፣ የዱቤ ደብተሩን ጨምረው፣ አንድ ጊዜ ደምረው ይዩት። ድህነቱ የከበደበት ቤት እንዲህ ያለውን ክርክር የሚሰማበት ምክንያት የለውም፤ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ቁርስና ምሳ የሚያበሉት እንዲያ ያሉ ልጆችን ስለሚያውቁ ነው። እኔ የምነጋገረው ገዝቶ ከሚቆልፈው ጋር ነው።

ቁልፉ ደግሞ በልጁ ላይ ብቻ አልተዘጋም፤ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አይገኝም እንጂ። ብዙ ቡፌ የሚቆለፈው በቤት ሠራተኛዋ ምክንያት ነው። «እሷ እንዳትበላው» ይባላል፤ ለልጁ ሲነገረው ግን «ለጤናህ ነው» ይሆናል። ልጅ ደግሞ የትኛው እውነት እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ልጁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳውን ወርውሮ ሲገባ በር የምትከፍትለት እሷ ናት። ሲርበው የሚያለቅሰው ለእሷ ነው፤ ሱቅ የምትላከው፣ ወይም ልጁን ይዛ የምትወርደው፣ እሷ ናት። እመቤቲቱ ከቢሮ በስልክ የምታወጣው መመሪያ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚፈጸመው ወይም የሚቀረው። ስለዚህ ምን እንደሚቀርብ ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። እሑድ ቆሎውን አብራችሁ ቁሉ። በሶው የት እንዳለ፣ ሙዙ ለማን ስንት እንደሆነ፣ ታናሹ ለምን ለውዝ እንደማይሰጠው በትክክል ንገሯት፤ ሱቅ መላክ ካለባትም ምን እንደምትገዛ አብራችሁ ወስኑ። ሰሃኑ ሲቀርብ ደግሞ ልጁን አብልታ ዞር እንድትል አትጠብቁ። እሷም ቁጭ ብላ ትብላ።